ግድቡና ተዳፋቱ፤ ስለ አዲስ አበባ ውኃና መናፈሻዎች የቀረበ ሒስ

ስለ ሕንፃ ጥበብ ሒስ ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ከሕንፃው ፊት ለፊት ነው። ዐምዱን ይቆጥራል፤ የመስኮቱን ልክ ከበሩ ልክ ጋር ያስተያያል፤ መስተዋቱ ለአገሩ ፀሐይ ይስማማል አይስማማም ብሎ ይፈርዳል። ይህ አካሄድ ለባንክ ወይም ለቴያትር ቤት ይበቃ ይሆናል። ዳሩ ግን ውኃን ለሚይዝ፣ ለሚመራና ለሚያከፋፍል ሥራ አይበቃም፤ የእንዲህ ያለው ሥራ ዋና ክፍል ከግንቡ በላይ ባለው ተዳፋትና ከግንቡ በታች ባለው መንደር ይገኛልና። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንቆመው ከጎርፉ መንገድ ላይ ነው። የምንጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ዝናቡ በዚህ ሥራ ላይ ከወረደ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ጥያቄው የተነሣብን ከተማችን ሁለት ዐይነት ትልልቅ ሥራዎችን ጎን ለጎን በመሥራት ላይ ስላለች ነው። በአንድ ወገን የውኃ ሥራ አለ፤ ግድብ፣ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ማጣሪያና ቧንቧ። በሌላ ወገን ምድሩን የማስዋብ ሥራ አለ፤ መናፈሻ፣ የወንዝ ዳር መንገድ፣ ችግኝና አበባ። የመጀመሪያውን የምንመዝነው በሜትር ኪዩብ ነው፤ ሁለተኛውን የምንመዝነው በዐይናችን ነው። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዝናብ ሥር ይሠራሉ፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ ለማለት ያስቸግራል። የእኛ አሳብ ውኃውን የሚያመጣውና ምድሩን የሚያድሰው ሥራ በባሕርዩ አንድ ነው፤ ለሁለት በተከፈለም ጊዜ ሁለቱም ጎደሎ ይሆናሉ የሚል ነው።

የአዲስ አበባ ታሪክ ራሱ የእንጨትና የውኃ ታሪክ ነው። ዓፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውኃ አጠገብ ከተማ በቆረቆሩ ጊዜ፣ ማለትም በ1879 ዓ.ም.፣ ተራራው ከጥንት ደኑ ብዙውን አጥቶ ነበር። መኳንንቱና ሠራዊቱ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የቀረውን እየቆረጡ ስለ ጨረሱት፣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ በዚያ ግንባታ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከአውስትራልያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ባሕር ዛፍን መውቀስ የተማረ ሰው ምልክት ሆኗል። ውኃ መምጠጡ ሐሰት አይደለም፤ ከሥሩም ያለው መሬት ቅጠሉ እየተጠረገ ለማገዶ ሲወሰድ ራቁቱን ቀርቶ ጎርፉን እንደሚያስሮጥ በሐምሌ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ነገር ግን ባለውለታን በስድብ ብቻ ማሰናበት አይገባም፤ ያለ እርሱ ተቀምጠን የምንወቅስበት ከተማ ባልኖረንም ነበር።

የውኃው ታሪክም እንደ እንጨቱ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ውኃ ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ቤተ መንግሥቱ በቧንቧ ባወረደ ጊዜ ከተማዋ የምትጠጣው ከራሷ ተራራ ነበር። ምንጩ ሲያንስ በ1930ዎቹ ዓ.ም. በምዕራብ በኩል ገፈርሳ ተገደበ። ገፈርሳ ሲያንስ በ1962 ዓ.ም. በምሥራቅ ለገዳዲ ተሠራ፤ ለገዳዲ ሲያንስ በ1991 ዓ.ም. አካባቢ የድሬ ግድብ ታከለበት፤ ቀጥሎም በ1990ዎቹ በደቡብ በአቃቂ ሜዳ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ዛሬ ከከተማዋ ውኃ የሚበዛው እጅ የሚወጣው ከከርሰ ምድር ነው። ከዚህ ዝርዝር አንድ ልማድ ይታያል። ከተማዋ አንዱ ሸለቆ ሲያንሳት ሸለቆውን ከማዳን ይልቅ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች፤ ጥንት ነገሥታቱ እንጨት ባለቀ ጊዜ ድንኳናቸውን ነቅለው እንደሚሄዱ ማለት ነው። የዛሬው ድንኳን ግን አይነቀልም፤ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ተቀምጦበታል፤ ውኃውንም በፈረቃ ይጠብቃል።

ከእነዚህ ሥራዎች መካከል በለገዳዲ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ምክንያቱም ጉድለቱ ከሁሉ ይልቅ የሚነበበው በእርሱ ነው። ግድቡን የሚያመሰግኑ ሰዎች የሚናገሩት ስለ ግንቡ ነው፤ ግንቡም በእርግጥ ምስጋና ይገባዋል፤ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቆሞ ከተማን አጠጥቷል። ነገር ግን ከግንቡ ጀርባ ያለው ውኃ ድፍርስ ነው። ድፍርስነቱም እንደ አሸዋ ወዲያው የሚዘቅጥ አይደለም፤ እጅግ ከደቀቀ የሸክላ አፈር የሚመጣ ስለሆነ በውኃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ማጣሪያው ይህን ለማዝቀጥ አሉም የሚባለውን መድኃኒት በብዛት ይጨምራል፤ አሉሙም በገንዘብ ይገዛል፤ የዘቀጠው ጭቃም መጣያ ቦታ ይፈልጋል። አፈሩ ከየት መጣ ብለን ወደ ላይ ብንከተለው የምንደርሰው በገበሬ ማሳ ላይ ነው። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ መሬቱን ደጋግሞ ማረስና ማለስለስ አለበት፤ የሚዘራውም በሐምሌ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ወር ነው። እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የሚከፋው ዶፍ የሚወርደው መሬቱ ከሁሉ ይልቅ ራቁቱን በሆነበት ሳምንት ነው ማለት ነው። በማሳው ላይ ሳለ ለገበሬው ጤፍ ሊሆን የሚችለው አፈር ወደ ግድቡ በገባ ጊዜ ለከተማው ደለልና የአሉም ሒሳብ ይሆናል። ገበሬውም ይከስራል፤ ከተማውም ይከስራል፤ በሁለቱ መካከል ግን ቧንቧ እንጂ ውል የለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ የእርሻ ጉዳይ ነው፤ ከሕንፃ ጥበብ ጋር ምን አገናኘው ይሉናል። መልሳችን አጭር ነው። የግድብ መሐንዲስ ግንቡ የሚቆምበትን ዐለት ሳይመረምር ግንብ አይነድፍም። ውኃው የሚፈልቅበትንም ምድር እንደ መሠረቱ አድርጎ መቁጠር ነበረበት። የእርከኑ መስመር፣ በማሳና በማሳ መካከል ያለው የሣር ጥብጣብ፣ በቦረቦሩ አፍ ላይ የሚደረደረው የድንጋይ ክትር፣ በኮረብታው ራስ የሚተከለው ጽድና ወይራ፣ እነዚህ ሁሉ ከግንቡ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሊሳሉ የሚገባቸው የአንድ ሕንፃ ክፍሎች ናቸው። ዛሬ ደግሞ ችግሩ የማረሻ ብቻ አይደለም፤ ቤቱና ፋብሪካው ወደ ግድቡ እየተጠጋ ስለ ሆነ ያልተሳለው ተዳፋት በሌላ ሰው እጅ እየተሳለ ነው።

ይህንን ውል ያደረገ ከተማ መኖሩን ማስታወስ ያስፈልጋል። የኒው ዮርክ ሰዎች ከሚጠጡት ውኃ አብዛኛው የሚመጣው ካትስኪል ከሚባለው ተራራማ አገርና ከዴላዌር ወንዝ ራስጌ ነው፤ ሳይጣራም ይጠጣል። መንግሥት ውኃው መጣራት አለበት የሚል ሕግ ባወጣ ጊዜ ከተማው በቢልዮን ዶላር የሚቆጠር ማጣሪያ ከመሥራት ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተራራው ነዋሪዎች ጋር ስምምነት ተፈራረመ፤ ለገበሬው በረትና ለወንዙ ዳርቻ፣ ለትንንሽ ከተሞቹ ፍሳሽ ማጣሪያ ገንዘብ ከፈለ፤ መሬትም ከሚሸጥ ሰው ገዛ። እኛ የኒው ዮርክ ሀብት የለንም። ነገር ግን የተከተሉት ሒሳብ የሀብታም ሒሳብ አልነበረም፤ ርካሹን ነው የመረጡት።

አሳቡ ከውጭ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ኮንሶ እንዲመለከት እንለምነዋለን። በዚያ ከ400 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው የድንጋይ እርከን ከኮረብታው ግርጌ እስከ ራሱ ይወጣል፤ በድንጋይ ቅጥር የታጠሩት ከተሞች በኮረብታው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሐርዳ የሚባሉት የውኃ ኩሬዎች ደግሞ በሕዝቡ የጋራ ጉልበት ተቆፍረው በጋራ ይጠበቃሉ። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፤ ውኃውን ያዘገያል፤ ትርፉን ያሳልፋል። ከተማው፣ እርሻውና ኩሬው አንድ ሥራ ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የመዘገበውም ይህን ሁሉ በአንድነት ነው። በጎንደርም በዓፄ ፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ የሚመጣው ውኃ በቦይ ገብቶ ለጥምቀት ይሞላል፤ በቅጥሩ ላይ የተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮችም ድንጋዩንና ሕይወት ያለውን ነገር ለይተን እንድናይ አይፈቅዱልንም። ዋርካው በቅጥሩ ላይ የበቀለው በመሐንዲሱ አሳብ ነው አንልም፤ ግን ማንም ሰው ከዚያ ቅጥር ላይ ሊቆርጠው አይወድም።

አሁን ወደ ዋናው ማነጻጸሪያችን እንሻገር። የዚህን አሳብ ከተማዊ መልክ ፈልገን ካገኘናቸው ሥራዎች መካከል ከሁሉ ይልቅ የተሟላ ሆኖ የታየን በሲንጋፖር የሚገኘው የቢሻን አንግ ሞ ኪዮ መናፈሻ ነው። በዐይናችን አላየነውም፤ የምንናገረው ከንድፉ፣ ከፎቶግራፉና ስለ እርሱ ከተጻፈው ተነሥተን ነው። በዚያ ቦታ የካላንግ ወንዝ በአርማታ ቦይ ታስሮ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር። ቦዩ ሥራውን አይደብቅም፤ ጎርፉን በፍጥነት ማስወገድ ብቻ ነበር ተግባሩ። በአንዱ ወገን መናፈሻ፣ በሌላው ወገን የመኖሪያ ሕንፃዎች ቆመው ቦዩ እንደ አጥር ይለያያቸው ነበር። ጀርመናዊው ሄርበርት ድራይዛይትልና ባልደረቦቹ ከአገሩ የውኃ መሥሪያ ቤትና ከመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ጋር ሆነው አርማታውን አፈረሱት፤ ወንዙንም እንደ ጥንቱ እያጠማዘዙ 3.2 ኪሎ ሜትር አደረጉት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 ተፈጽሞ መናፈሻው ባጠቃላይ 62 ሄክታር ሆነ።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንወደው ሦስት ኪሎ ሜትር ሆነ የሚለውን ቁጥር አይደለም። ወንዙ ሲረዝም ውኃው ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደለሉን ይጥላል፤ በዳርቻው የተተከለው ሥር አፈሩን ይይዛል፤ ውኃው በበጋ ሰው ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ የሚሻገረው ጅረት ሲሆን፣ ዶፍ በወረደ ጊዜ ደግሞ በሣሩ ሜዳ ላይ ይሰፋል። ማለትም መናፈሻው ራሱ የጎርፉ መተኛ አልጋ ነው፤ ውኃው ከፍ ሲል ሰዎች እንዲወጡ የሚያስጠነቅቅ ደወልም ተበጅቶለታል። የኩሬዎቹ ውኃ በሸምበቆና በመሰል ተክሎች መካከል እየተጣራ ይመለሳል። የፈረሰው አርማታ እንኳ አልተጣለም፤ ተቆልሎ ከላዩ ሆኖ መናፈሻውን የሚያዩበት ኮረብታ ተሠርቶበታል። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ጥቂት የመታየት ፍላጎት እንዳለባት አይጠፋንም፤ ቢሆንም ደስ ታሰኛለች።

ዋናው ነገር ግን ከመናፈሻው ውጭ ነው። የካላንግ ወንዝ ወርዶ የሚገባው በማሪና ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2008 በተፈጸመው ግድብ ከባሕሩ ተለይቶ የመጠጥ ውኃ ምንጭ የሆነ ነው። እንግዲህ በቢሻን በሣሩ ላይ የሚሮጠው ልጅ የሚጫወተው ከሚጠጣው ውኃ አጠገብ ነው። በዚያ አገር ከመሬቱ ሁለት ሦስተኛው የዝናብ ውኃ ወደ ማጠራቀሚያ የሚሰበሰብበት ስለ ሆነ ጎዳናው፣ ጣሪያውና የተማሪ ቤቱ ሜዳ ሁሉ የምንጭ አካል ነው። እንግዲህ መናፈሻውን የውኃ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው ብንለው አንሳሳትም፤ የውኃ ሥራውንም መናፈሻ ነው ብንለው አንሳሳትም።

ሲንጋፖርን ማመስገን ለእኛ ትውልድ እንደ ፋሽን ስለ ሆነ አንድ ነገር መጨመር አለብን። መናፈሻው የሥራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አልነበረም። የሲንጋፖር ወንዝና የካላንግ ወሽመጥ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1987፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲጸዱ ነበር፤ የአሳማ እርባታውና በወንዙ ዳር የነበረው የደሳሳ ጎጆ ሰፈር ተነሥቶ፣ ሰዎቹ የፍሳሽ መስመር ባላቸው ቤቶች እንዲገቡ ተደረገ። የአበባው ዘመን የመጣው ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የቢሻንን ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ከታሪኩ ያየው የመጨረሻውን ገጽ ነው።

የእኛ ሥራ የተጀመረው ከዚሁ ከመጨረሻው ገጽ ይመስላል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የሸገር ወንዞች ዳርቻ ሥራ በተነገረ ጊዜ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር እንደሚለማ፣ ወጪውም 29 ቢልዮን ብር እንደሚሆን ተገለጠ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት ራት ተበልቶ ገንዘብ ተሰበሰበ። (ከእኛ መካከል ያን ራት ሊበላ የሚችል ባይኖርም አሳቡን ለመቃወም ምክንያት አይሆነንም።) በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የወዳጅነት አደባባይና መናፈሻ፣ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቁ። ከዚያም ወዲህ የወንዝ ዳሩ ሥራ እየቀጠለ ነው። ጥቅሙን መካድ ትክክል አይደለም። ሕፃን ልጅ ይዘው የሚቀመጡበት አንድ ዛፍ ያጣ ከተማ ሰፊ የእግር መንገድና የሣር ሜዳ አግኝቷል፤ ለብዙ ዘመን የቆሻሻ መጣያ ሆኖ የኖረው የወንዝ ዳር ሰው የሚረግጠው ቦታ መሆኑ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ጥያቄያችንን እናቅርብ፤ ዝናቡ ከወረደ በኋላ ወዴት ይሄዳል? በወዳጅነት መናፈሻ ሰው ሠራሽ ሐይቅና ፏፏቴ አለ፤ በሌሊትም በመብራት ያጌጣል። ይህ ውኃ ለዐይን ተሠራ እንጂ ከከተማዋ ቧንቧ ጋር ዝምድና የለውም። የወንዙም ዳርቻ በብዙ ቦታ በድንጋይ ግንብ ተይዞ ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ግንቡ ለእግረኛው መልካም ነው፤ ወንዙን ግን ያፋጥነዋል እንጂ አያዘገየውም። ከሁሉ የሚከብደው ወንዙ ራሱ የሚሸከመው ነገር ነው። ከዳርቻው ሁለትና ሦስት መቶ ሜትር ርቆ ያለው ሰፈር ፍሳሹን የሚያወርድበት መስመር ከሌለው ፍሳሹ ያንኑ አበባ አልፎ ወደዚያው ወንዝ ይገባል። ለሥራው ሲባል ከወንዝ ዳር የተነሡ ቤተ ሰቦች አሉ፤ ቆሻሻውን ወደ ወንዙ የሚሰደው ግን የእነርሱ ጎጆ ብቻ አልነበረም፤ ባለ ብዙ ፎቁም አለበት። ድሃው ሲነሣ ወንዙ ይጸዳል የሚለው አሳብ በሲንጋፖርም ታሪክ አይደገፍም፤ በዚያ ሰውየው የተነሣው ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ሊገናኝ ነውና።

የእንጦጦ ፓርክ ነገር ከዚህ ይለያል፤ ተስፋውም የበለጠ ነው። ተራራው ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የከተማዋን ጅረቶች ራስ የያዘ ነው። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በእንጦጦ አንድ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ባሕር ዛፉን በጥቂት በጥቂቱ እያነሣ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ሲተክል ቆይቷል፤ አገር በቀል ዛፍ በተመለሰበት ስፍራ ሣርና ቁጥቋጦ ከሥሩ በቅሎ ታይቷል። አዲሱ ፓርክ በዚህ ሥራ ጎን ሆኖ መንገድ፣ ምግብ ቤት፣ የፈረስ መጋለቢያና የመጫወቻ ስፍራ ይዞ መጣ። ንድፉ ስለ ዕይታ ብዙ አስቧል፤ ከተማዋ ከዚያ ሆኖ ሲያዩዋት ውብ ናት። ስለ መሬቱ ግን ያሰበው ያነሰ ይመስለናል። በባሕር ዛፉ ሥር ያለው ባዶ አፈር፣ በተዳፋቱ ላይ የሚያልፈው አዲስ አስፋልት የሚሰበስበው ጎርፍ፣ በየቦረቦሩ ሊሠራ የሚችለው ክትር፣ እነዚህ የንድፉ ልብ መሆን ነበረባቸው። የጎብኚው መንገድ ራሱ በእርከን ላይ ቢሄድ፣ ማረፊያውም በተከተረ ኩሬ ዳር ቢሆን፣ እንግዳው ሳያውቀው የውኃ ሥራ ይጎበኝ ነበር። ለብዙ ዘመን በጀርባቸው የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ከዚያ ተራራ ሲያወርዱ የኖሩት ሴቶችም ተራራውን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ለተዳፋቱ ጥበቃ ደመወዝተኛ የሚፈለግ ቢሆን ከእነርሱ የቀደመ አይገኝም።

እዚህ ላይ ስለ ችግኝ አንድ ቃል እንናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ ተነግሯል። የሕዝቡ መነሣሣት የሚያስደንቅ ነው። ዳሩ ግን ዛፍ መትከል ውኃ ማብዛት ነው የሚለው አባባል በሁሉ ቦታ እውነት አይሆንም፤ ዛፍም ይጠጣልና። ምንጭን በበጋ የሚያቆየው አፈሩ ዝናቡን መጠጣት መቻሉ ነው፤ ይህም ከዛፉ ይልቅ ከዛፉ ሥር ባለው ሣር፣ በወደቀው ቅጠልና ባልተረገጠው መሬት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ችግኝ ከመቁጠር ይልቅ ከሦስት ዓመት በኋላ ከተዳፋቱ የሚወርደው ውኃ ጥሩ ነው ድፍርስ ብሎ በጠርሙስ ቀድቶ ማየት የተሻለ ፈተና ነው።

እስካሁን ያነሣናቸው ሁሉ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው ግን የተራው ሰው ቤት ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተሠሩትን የኮንዶሚኒየም ቤቶች እንውሰድ። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ከእነዚህ ሕንፃዎች በአንዱ ሥር የቆመ ሰው የሚከተለውን ያያል። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይንጎደጎዳል፤ አሸንዳው ሞልቶ በቧንቧው ወርዶ ወደ አስፋልቱ ይፈሳል፤ ከአስፋልቱም ጠጠርና ላስቲክ እየነዳ ወደ ወንዙ ይሄዳል። በዚያው ሰዓት የውኃው ፈረቃ አላደረሳትምና አንዲት ሴት ሁለት ጀሪካን ይዛ እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃው ትወጣለች። ዝናቡና ሴትዮዋ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ወደ ታች ሌላዋ ወደ ላይ ይተላለፋሉ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። የአንድ ሕንፃ ጣሪያ 400 ካሬ ሜትር ቢሆንና የአንድ ቀን ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን 12000 ሊትር ይወርዳል፤ ይህም 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን 600 ጊዜ ይሞላል። ጥቂቱ እንደሚባክን የታወቀ ነው። ክረምቱ አራት ወር፣ በጋው ስምንት ወር ያህል ስለ ሆነም የጣሪያ ውኃ ግድብን ሊተካ አይችልም፤ የሚጠጣም እንዲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለመጸዳጃና ለልብስ ማጠቢያ ግን ምን ያንሰዋል? ነዋሪው ራሱ አውቆታል፤ በየበረንዳው የሚታየው ጥቁር ሮቶ የነዋሪው ሒስ ነው። መሐንዲሱ ያልሳለውን ማጠራቀሚያ እርሱ ከገበያ ገዝቶ አቆመው። ከእኛ መካከል በሚሲዮን ተማሪ ቤት ያደግነው ከጸሎት ቤቱ ቆርቆሮ የሚወርደው ውኃ በድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ እስከ ጥር ድረስ የአትክልቱን ቦታ ሲያጠጣ አይተናል፤ ጉድጓዱን የሠሩት ሰዎች ዲፕሎማ የነበራቸው አይመስለንም።

ድሃ አገር አስቀድሞ ውኃውን ያምጣ፤ ምድሩን ማደስ በኋላ ይደርሳል የሚል ተቃውሞ ከመምህራኖቻችን ሳይቀር ሰምተናል። ክብደት ያለው ቃል ነው፤ የተጠማ ሰው እርከን እስኪሠራ አይጠብቅም። ነገር ግን ገፈርሳ ከተሠራ ጀምሮ ሰማንያ ዓመት ያህል እንዲሁ ስንል ኖረናል፤ በኋላ የተባለውም ቀን አልደረሰም። ደግሞም ከላይ እንዳየነው ምድሩን አለማደስ በነጻ የሚገኝ አይደለም፤ በአሉም፣ በደለልና በአዲስ ጉድጓድ ይከፈላል። የምንለው መናፈሻው ይቁም ወይም ግድቡ ይቅር አይደለም። በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል አንድ የንድፍ ጠረጴዛ ይኑር ነው፤ የመናፈሻው መሐንዲስ ስንት ሊትር እንዳዘገየ፣ የግድቡም መሐንዲስ ስንት ሄክታር ተዳፋት እንዳለበሰ ይጠየቅ።

ጎርፉን ተከትለን ከእንጦጦ ከተነሣን እንግዲህ እስከ መጨረሻው እንውረድ። ሁለቱ የአቃቂ ወንዞች፣ ትልቁና ትንሹ፣ የከተማዋን ፍሳሽ፣ የፋብሪካዎቿንም እጥበት ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። ሐይቁ በኤሌክትሪክ ኀይል ታሪካችን ስመ ጥር የሆነ ግድብ ያቆመው ነው፤ ዛሬ ደለልና አረም አስጨንቆታል። ከሐይቁ በላይ በወንዙ ዳርና ዳር ገበሬዎች ያንኑ ውኃ በቦይና በሞተር እየሳቡ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣሉ፤ አትክልቱም ማለዳ ተጭኖ ወደ ከተማዋ ገበያ ይገባል። ጥልቅ ጉድጓዶቹ የሚገኙት በዚሁ በአቃቂ በኩል ነው። ከእነርሱ የሚወጣው ውኃ በትልልቅ ቧንቧ ሽቅብ እየተገፋ ወደ ሰሜን፣ ወንዙ ወደ ወረደበት ከተማ ይመለሳል።